ከፍራንክፈርት ኮሎኝ ደርሶ መልስ፣ ከእናቴና ከልጆች ጋር፤ ባቡር ይሻላል ወይስ መኪና እንከራይ?

ሰላም ዘዴንቨር

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖች፣ በተለይ ጀርመን ያላችሁ በናታችሁ አንድ ነገር አማክሩኝ። የዘንድሮን ገና አዲስ አበባ ልናከብር ነው፣ ከዴንቨር በፍራንክፈርት አድርገን ነው የምንሄደው፣ መሀል ላይ ኦፈንባክ (ፍራንክፈርት ጎን ነው) ያለችው የአክስቴ ልጅ ጋ አራት ቀን እንቆያለን። አምስት ነን፣ እኔ፣ ባለቤቴ፣ እናቴ፣ እና ሁለት ልጆች አንዱ 9 አንዷ 5 ዓመት። የአክስቴ ልጅ መኪና የላትም፣ የሌሊት ሺፍት ስለምትሰራ ደግሞ ቀን ቀን ትተኛለች፣ ስለዚህ እሷን አስቸግረን መዞር የለም፣ ራሳችንን መቻል አለብን።

ነገሩን ያመጣችው እማዬ ናት። ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ሲጠጣ አንድ ሰው የሰብአ ሰገል ዐፅም ያለው እኮ ጀርመን ነው፣ ኮሎኝ የሚባል ከተማ ትልቁ ካቴድራል ውስጥ በወርቅ ሣጥን ተቀምጧል ይላታል፣ በቃ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። "አንዱ እኮ የኛው ሰው ነው፣ በደጁ አልፌ ሳልሳለመው ብሄድ በምን ፊቴ ገናን አከብራለሁ" ትላለች። እኔ መጀመሪያ የሻይ ሰዓት ወሬ መስሎኝ ነበር፣ ጎግል ሳደርገው እውነትም እዛ ነው።

አሁን ጭቅጭቁ በምን እንሂድ ነው። ባለቤቴ መኪና እንከራይ ባይ ነው፣ ልጆች አሉ፣ የእማዬ ጉልበት አለ፣ በፈለግንበት ሰዓት ወጥተን በፈለግንበት እንመለሳለን ይላል። ይሄ ሁሉ እውነት ነው ግን እኔ ሰውዬውን ስለማውቀው ዋናው ምክንያት ኦቶባን ላይ 200 መንዳት እንደሆነ አላጣሁትም ሃሃሃ። እኔ ደግሞ ባቡር ነው የምለው፣ ግን እውነቱን ለመናገር አሜሪካ 17 ዓመት ኖሬ ረጅም ርቀት በባቡር ሄጄ አላውቅም፣ የት እንደሚገዛ፣ የት እንደሚወረድ፣ ጉልበቷን የሚያማት ሰው እንዴት እንደሚሳፈር ምንም አላውቅም፣ ስለዚህ ክርክሩን እየተሸነፍኩ ነው። እማዬ 71 ዓመቷ ነው፣ ቀስ ብላ ትራመዳለች፣ ደረጃ ግን ያስቸግራታል። ከዚያ ላይ ጾም ላይ ናት። የምንሄደው የፈረንጆቹ ገና ካለፈ በኋላ ባለው ቅዳሜ ወይ እሁድ ነው። የሄዳችሁበት ካላችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ፣ ዋጋውንም ጭምር።


ሹፌሩ ነኝ

የኔ እህት እኔ ፍራንክፈርት 14 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ፣ ኮሎኝ ሰው አድርሼ የመጣሁበትን ቀን ቁጥሩን አላውቀውም፣ እና መኪና እንጀራዬ ሆኖ ሳለ የምመክርሽ በባቡር ሂዱ ብዬ ነው። ባለቤትሽ ይቅር ይበለኝ።

መንገዱ ኤ 3 ይባላል፣ ወደ 190 ኪሎ ሜትር ነው፣ ካርታው ሁለት ሰዓት ይልሻል፣ ይሄ ግን መንገዱ ባዶ ሲሆን ነው። ሊምቡርግ አካባቢ፣ ሞንታባወር አካባቢ፣ ከዚያ ኮሎኝ ስትደርሺ ቀለበት መንገዱ ላይ፣ አንዱ ጋ ሽታው (መቼም እዚህ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቃት የመጀመሪያ የጀርመንኛ ቃል ናት፣ የመኪና ሰልፍ ማለት ነው) ይይዝሻል። 200 የሚባለውም ነገር ባለቤትሽ እንዳሰበው አይደለም፣ ገደብ የሌለው ቦታ አለ አዎ፣ ግን 120 ይልሻል፣ 100 ይልሻል፣ ግንባታ ጋ 80 ይልሻል፣ ደግሞ ይለቅሻል፣ ገደብ በሌለበትም መንግሥት የሚመክረው 130 ነው። ስትመለሱ ሊምቡርግ ከመድረሳችሁ በፊት ኤልዘር በርግ የሚባል ቁልቁለት አለ፣ ለቤት መኪና 100 ነው፣ ካሜራው እዛ ከተተከለ ስንት ዘመኑ፣ ቁልቁለት ስለሆነ እግርህን ሳታስነካው መኪናው ራሱ 130 ይገባልሃል፣ ቦግ ይላል፣ አለቀ። ቅጣቱ ለኪራይ ድርጅቱ ይላካል፣ እነሱ ስምህን አሳልፈው ሰጥተው ለድካማቸው ደግሞ ከካርድህ ይቆርጣሉ፣ ከዚያ ከሁለት ወር በኋላ ዴንቨር ደብዳቤ ይመጣል። እንግዳዬ ላይ ደርሷል፣ ያውም ሁለቴ፣ ሲሄድም ሲመለስም፣ በሁለት የተለያየ ካሜራ።

ሌላው ሰው የማያስበው ሰዓቱን ነው። የከተማ ውስጥ መኪና አከራዮች ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ይዘጋሉ፣ እሁድ ብዙዎቹ ጭራሽ የሉም፣ ስለዚህ መኪናውን የምትወስዱት ኤርፖርት ነው። ከኦፈንባክ በኤስ 8 ወይ በኤስ 9 (የከተማው ባቡር ነው) ኤርፖርት ትደርሳላችሁ፣ ተሰለፉ፣ ፈርሙ፣ ኢንሹራንስ ይጨመር አይጨመር ተከራከሩ፣ የልጆች ወንበር ግጠሙ፣ መኪናውን ዙሩና ጭረቱን ፎቶ አንሱ። ይሄን ሁሉ ስትጨርሱ እኮ እዚያው ኤርፖርት ከሌላኛው ጣቢያ የተነሳው ፈጣኑ ባቡር ኮሎኝ ገብቷል፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው።


ዘቦን

ሹፌሩ ያለው ትክክል ነው፣ እኔ ቦን ነኝ፣ ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ ካቴድራሉን ሳላሳየው አልሸኘውም፣ አሁን አስጎብኚ ሆኛለሁ ማለት ይቻላል ያለ ደመወዝ።

ሰላም እህቴ ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ የኮሎኝ ዋና ባቡር ጣቢያ በር ስትወጪ ካቴድራሉ ፊትሽ ላይ ነው። አጠገቡ ማለቴ አይደለም፣ ፊትሽ ላይ፣ ቀና ብለሽ ጫፉን ለማየት አንገትሽ ይታጠፋል፣ 157 ሜትር ነው። ጉልበቷን ለሚያማት ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ግን ከጣቢያው ወደ ካቴድራሉ አደባባይ ሰፊ ደረጃ አለ፣ እማማ ደረጃ ካስቸገራቸው በደረጃው አትውጡ፣ ሊፍት የት እንዳለ ጠይቁ ወይ በጎን ዙሩ።

አሁን የምነግርሽ ነገር ላይ ልብ በይ ምክንያቱም እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ተሸውጄበታለሁ። ከፍራንክፈርት የሚነሱት ፈጣን ባቡሮች ሁሉም ዋናው ጣቢያ አይገቡም። አንዳንዶቹ የሚቆሙት ከራይን ወንዝ ወዲያ ማዶ ነው፣ ሜሴ ዶይትዝ የሚባል ጣቢያ። ቲኬቱ ላይ ኬልን ይላል (ጀርመኖቹ ኮሎኝን ኬልን ነው የሚሏት፣ ኮሎኝ ብለሽ ብትጠብቂ ሰሌዳ ላይ አታገኚውም)፣ ሰው ኬልን የሚል ቃል ሲያይ ይወርዳል። እኔ ለአጎቴ ልጅ ሰርግ የመጡ ሽማግሌዎች ይዤ ዶይትዝ አውርጃቸው ድልድዩን በእግር አሻገርኳቸው፣ ፍቅረኛሞች ቁልፍ የሚሰቅሉበት ድልድይ፣ በየካቲት ንፋስ፣ እስካሁን ይወቅሱኛል። ቲኬት ስትገዢ መድረሻው ኬልን ሃውፕትባንሆፍ (ዋናው ጣቢያ ማለት ነው) መሆኑን አረጋግጪ፣ ካልሆነም ከዶይትዝ በከተማው ባቡር አንድ ፌርማታ ናት፣ ግን እናትሽን ደግመሽ ማውጣትና ማውረድ ሊሆንብሽ ነው።

ስለመሳፈር ደግሞ፣ ፍራንክፈርት ዋናው ጣቢያ ሀዲዱ እዛው ነው የሚያልቀው፣ ከአዳራሹ ቀጥ ብለሽ ያለ ምንም ደረጃ ባቡሩ ጎን ትደርሻለሽ። ኤርፖርት ግን ወደታች መውረድ አለ፣ ሊፍት አለው ግን ረጅም ነው። ስለዚህ ለእናትሽ ስትይ ከኤርፖርት ሳይሆን ከዋናው ጣቢያ ተነሱ። ባቡሩ በር ላይ ግን ሁለት ሦስት ደረጃ አለ፣ በዚያ መስመር የሚሄዱት ዳገቱን የሚችሉት የተወሰኑ ባቡሮች ብቻ ናቸው እና አብዛኞቹ በራቸው ከፍ ያለ ነው። ባለቤትሽ ከኋላ ይደግፋቸው። ወይ ደግሞ የባቡር ድርጅቱ የመርጃ አገልግሎት አለው፣ ቀድሞ ተመዝግቦ ሰው ያግዛል፣ ግን ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት መመዝገብ አለባችሁ፣ እዛው ደርሳችሁ ብትጠይቁ አይሆንም።

ቀኑ ላይ እኔ ቅዳሜ ነው የምለው። እሁድ ጠዋት ቅዳሴያቸው ነው፣ በቅዳሴ ሰዓት ለጉብኝት አያስገቡም፣ ሰብአ ሰገል ያሉበት ደግሞ ከመንበሩ ኋላ ነው። በነገራችን ላይ እነሱ የሰብአ ሰገልን በዓል የሚያከብሩት በእነሱ ጃንዋሪ 6 ነው፣ ያን ቀን ምዕመናን በሣጥኑ ሥር ያልፋሉ። ለኛ ያ የገና ዋዜማ መሆኑ ነው፣ እናትሽ ቢሰሙ አዲስ አበባውን ሰርዙልኝ ሊሉ ይችላሉ፣ አትንገሪያቸው ሃሃ።


አባ ልጆች ዘቪስባደን

እኔ ሁላችሁንም ልቃወም ነው። አራት ልጆች አሉኝ፣ ባቡርን የሚያወድስ ሰው ብቻውን የሚሄድ ሰው ነው የሚል እምነት አለኝ። 5 ዓመት ልጅ መንገድ ላይ ሽንት ቤት ስትል መኪና ይቆማል ወይ ትሉኛላችሁ፣ አዎ ይቆማል፣ በየ 30 ኪሎ ሜትሩ ማረፊያ አለ። እናትየው ጉልበታቸው ያማቸዋል ካላችሁ ካቴድራሉ ሥር ያለው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ገብታችሁ በሊፍት ነው የምትወጡት፣ ከበር እስከ በር። ባቡር ደግሞ ባቡር ነው፣ በ2024 የዚህ አገር የረጅም ርቀት ባቡሮች በሰዓቱ የደረሱት 62.5 በመቶ ብቻ ናቸው፣ ያውም 5 ደቂቃ የዘገየው እንደ በሰዓቱ ተቆጥሮ። ከሦስት አንዱ ይዘገያል ማለት ነው። በታኅሣሥ ብርድ ፔሮን (ባቡር የሚጠበቅበት መድረክ) ላይ ከአሮጊትና ከልጅ ጋር ቆማችሁ አስቡት።

እሁድ ብትሄዱ ደግሞ ትልልቅ ጭነት መኪና ኦቶባን ላይ አይኖርም፣ በሕግ ክልክል ነው እስከ ማታ 22 ሰዓት፣ መንገዱ ሌላ መንገድ ነው የሚሆነው። ከዚያ ደግሞ ከመንገዱ ወጣ ብላችሁ ኤልትዝ ቤተ መንግሥትን ማየት ትችላላችሁ፣ ጫካ ውስጥ ነው፣ በባቡር አስቸጋሪ ነው፣ ልጆቹ ተረት ውስጥ የገቡ ይመስላቸዋል።

ሂሳቡንም ልሥራላችሁ፣ ባቡር ሦስት አዋቂ ነው፣ ቀደም ብላችሁ ብትገዙ ለአንድ ሰው ለአንድ ጉዞ ከ20 እስከ 35 ዩሮ ልበለው፣ ደርሶ መልስ ከ120 እስከ 210 ይሆናል። መኪና ለአንድ ቀን ከዚያ ያነሰ አገኛለሁ እኔ።


ሹፌሩ ነኝ

ወንድሜ አባ ልጆች ኤልትዝ በክረምት ዝግ ነው። ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ ማርች መጨረሻ በሩን ቆልፈው ነው የሚቀመጡት፣ ከውጭ ልይ ካልክ ብቻ ነው።

ሂሳብህን ደግሞ እንጨርሰው። አንተ የራስህ መኪና አለህ፣ ወንበሩ ተገጥሟል። እነሱ የሚከራዩት አውቶማቲክ ነው፣ እዚህ አውቶማቲክ ለብቻ ካልጠየቅክ የሚሰጥህ በማርሽ ነው፣ አውቶማቲኩ ይወደዳል። ሁለት ልጅ አለ፣ እዚህ ከ12 ዓመት በታች ሆኖ ቁመቱ 150 ሴንቲ ያልደረሰ ልጅ ያለ ወንበር አይጫንም፣ ከአሜሪካ የሚመጣው ወንበር የአውሮፓ ማረጋገጫ ስለሌለው ሕጋዊ አይደለም፣ ስለዚህ ሁለት ወንበር ይከራያሉ፣ እሱም በየቀኑ ነው የሚታሰበው። ሁለት የልጅ ወንበር ኋላ ከተገጠመ መሀሉ ላይ ማን ይቀመጣል? ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ወይ ሰላም። ካልሆነ ትልቅ መኪና ተከራዩ፣ ዋጋው ወጣ። ቤንዚን ለደርሶ መልስ 380 ኪሎ ሜትር፣ 27 ሊትር ገደማ፣ 45 ወይ 50 ዩሮ። ማቆሚያ ኮሎኝ መሀል ቀኑን ሙሉ 20 ዩሮና ከዚያ በላይ። የበረዶ ጎማም ጠይቁ፣ መንገዱ በረዶ ከያዘ ያለሱ መንዳት ያስቀጣል፣ እና ይሄንንም ለብቻ የሚያስከፍሉ አሉ። ካርድ ላይ የሚያዘውን ዲፖዚት አልቆጠርኩም። ልጆቹ ደግሞ በባቡር በነፃ ነው የሚሄዱት፣ ለምን ዘለልከው?

መዘግየቱ ላይ ግን እውነት ነው፣ አልከራከርህም። ግን ኤ 3ም በሰዓቱ ይደርሳል ብሎ የፈረመልኝ ሰው የለም።


ኤዲ ዘማይንዝ

ሁላችሁም ሰላም፣ ክርክራችሁ ደስ ይላል፣ እኔ ሦስተኛ ነገር ልጨምር። ፈጣኑ ባቡር 300 እየበረረ ዋሻ ለዋሻ ነው የሚሄደው፣ ጆሮሽ ይደፈናል፣ ከኤ 3 ጎን ለጎን ስለሆነ የሚታየው መኪና ብቻ ነው። ከ2002 በፊት ያ መስመር አልነበረም፣ ሰው ሁሉ በራይን ዳር ነበር የሚሄደው፣ ያኛው መስመር ዛሬም አለ። በማይንዝ፣ በቢንገን፣ በኮብለንዝ አድርጎ ኮሎኝ ይገባል፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ወንዙ ከመስኮቱ ሥር ነው፣ በየኮረብታው ላይ ግንብ፣ አንዱ ግንብ ጭራሽ ወንዙ መሀል ላይ የቆመ መርከብ የሚመስል፣ ሎሬላይ የሚባለው ትልቅ ቋጥኝም እዛው ነው። ለልጆች ከኤልትዝ ያላነሰ ነው፣ ያውም ሳይወርዱ። ወደ ኮሎኝ ስትሄዱ በስተቀኝ በኩል ተቀመጡ፣ በስተግራ ከተቀመጣችሁ ድንጋይና ወይን ነው የምታዩት።

ግን በዚህ ወቅት 16፡30 ላይ ይጨልማል፣ ስለዚህ ስትሄዱ በወንዙ፣ ስትመለሱ በፈጣኑ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን አድርጎ ጨለማ መስኮት ሲያይ ይመለሳል። ጠዋትም ፀሐይ የምትወጣው 8፡30 ገደማ ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ሁሉም፣ ለእማማ ሰዓቱን ስትነግሪ ተጠንቀቂ፣ የኔ እናት አንዴ የ8 ሰዓቱን ባቡር ከምሳ በኋላ ነው ብላ ተኝታ ነበር)።

ጾሙ ላይ አትጨነቂ ግን ተዘጋጂ። ጣቢያ ውስጥ ዳቦ የሚሸጠው ሁሉ ቅቤና አይብ አለበት፣ የጨው ብሬዝሉም (የተጠማዘዘው ዳቦ) አንዳንዱ በቅቤ ነው የሚሸጠው፣ ያለ ቅቤ በያቸው። ድንች ጥብስና ፈላፍል በየቦታው አለ። እኔ ብሆን እንጀራ በሽሮ ጠቅልዬ በሳህን እይዝ ነበር፣ ባቡር ላይ መብላት ማንም አይናገርሽም፣ ኪራይ መኪና ውስጥ ሽሮ ቢፈስ ግን... የማጽጃውን ሂሳብ ራስሽ አስቢው።

ሌላ ደግሞ ሳልረሳው፣ እናትሽ ፓስፖርታቸው የኢትዮጵያ ከሆነ ግሪን ካርድ ቢኖራቸውም ከኤርፖርት ለመውጣት የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋቸዋል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በትራንዚት ብቻ ለማለፍ ነው ቪዛ የማይጠየቀው። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን ያምታታቸዋል፣ አንድ ዘመዴ ቤተሰቡ ውጭ እየጠበቀው እሱ ውስጥ ወንበር ላይ አድሯል።


ሰላም ዘዴንቨር

ወይ ጉድ ይሄን ሁሉ አልጠበቅኩም፣ ተባረኩ። ኤዲ እማዬ ሲቲዘን ሆናለች አምና፣ እሱ ላይ ችግር የለም፣ ግን ስለጠየቅሽ አመሰግናለሁ ምክንያቱም አብረውን የሚበሩ አንዲት ጎረቤት አሉ ግሪን ካርድ ናቸው፣ እሳቸውም አራት ቀን እንወጣለን ብለው ነበር፣ አሁን ደውዬ ነገርኳቸው።

ለባለቤቴ ሁሉንም አነበብኩለት። የልጅ ወንበሩ ጋ ስደርስ ዝም አለ። ኤልዘር በርግ ጋ ስደርስ ደግሞ "እኔ በላዳ ነው የተማርኩት፣ ማርሽ መኪናም እነዳለሁ" አለ፣ ማን ስለማርሽ እንደጠየቀው እንጃ። አባ ልጆች አንተን ግን በጣም ወዶሃል።

አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ትኬቱን ስመለከት ርካሹ በዚያ ባቡር ብቻ ነው ይላል፣ ውዱ በየትኛውም። እማዬ አንድ ቦታ ከቆመች ማንቀሳቀስ አይቻልም፣ ጸሎቷን እስክትጨርስ ነው። የመመለሻውን የትኛውን ልግዛ? ቦታ ማስያዝስ ያስፈልጋል?


ዘቦን

የመሄጃውን ርካሹን ግዢ፣ ጠዋት ከቤት የምትወጡበትን ሰዓት ታውቁታላችሁ። የመመለሻውን በምንም ተአምር በርካሹ አልገዛም ካልሽ ውዱ ሁለት ሦስት እጥፍ ይሆናል፣ ለሦስት ሰው ከበድ ይላል። እኔ የማደርገው ርካሹን እገዛለሁ ግን ሰዓቱን ወደ ማታ እገፋዋለሁ፣ 17 ወይ 18 ሰዓት፣ ቀድመን ከጨረስን ካፌ እንቀመጣለን። ባቡር ካመለጠ በኋላ አዲስ ቲኬት ከመግዛት ያ ይሻላል። ባቡሩ ራሱ ከዘገየና መድረሻሽ ላይ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ እንደሚያዘገይሽ ከታወቀ ግን ርካሹም ቲኬት በዚያ ባቡር ብቻ መሆኑ ይቀራል፣ በሌላ ባቡር መሄድ ትችያለሽ። አንድ ሰዓት ዘግይተሽ ከደረስሽ ሩቡን፣ ሁለት ሰዓት ከሆነ ግማሹን ይመልሱልሻል፣ ከአፑ ላይ መጠየቅ ይቻላል።

ቦታ አዎ ያዢ። ያ ሳምንት ሰው ሁሉ ከቤተሰብ የሚመለስበት ነው፣ ቦታ ያልያዘ ሰው መተላለፊያው ላይ ሻንጣው ላይ ነው የሚቀመጠው። ቦታ ከቲኬቱ ጋር አብሮ አይመጣም፣ ለብቻ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሰው 5.50 ዩሮ ነው፣ ለልጆቹም። ጠረጴዛ ያለውን ምረጪ። ልጆቹን ደግሞ ስትገዢ ዕድሜያቸውን አስገቢ፣ የ9 ዓመቱ ነፃ ነው ግን ቲኬቱ ላይ መኖር አለበት፣ የ5 ዓመቷ አያስፈልጋትም።

የመጨረሻ፣ ፔሮኑ ላይ ኤ ቢ ሲ እያለ የተከፋፈለ ምልክት አለ፣ ሰሌዳው ላይ ቁጥራችሁ ያለበት ፉርጎ የት እንደሚቆም ያሳያል። ቀድማችሁ እዛ ቁሙ። አንዳንዴ ባቡሩ ተገልብጦ ይመጣል፣ የፊቱ ከኋላ ይሆናል፣ በመጨረሻው ደቂቃ ያውጃሉ፣ በጀርመንኛ። ሰው ሁሉ መሮጥ ከጀመረ አንቺም ሩጪ።


አባ ልጆች ዘቪስባደን

ተሸንፌያለሁ ማለት አይደለም ግን ኤልትዝ መዘጋቱን ረስቼ ነበር እሺ።


ሰላም ዘዴንቨር

ሄደን መጣን! ነገ ማታ በረራ ነው፣ ሻንጣ እየዘጋሁ ነው የምጽፈው፣ ግን ሳልነግራችሁ መሄድ አልፈለግኩም።

ቅዳሜ ሄድን፣ በወንዙ በኩል። ኤዲ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ በስተቀኝ ተቀመጥን፣ ጭጋጉ ቢንገን ጋ ሲገለጥ ልጆቹ ግንብ ሲቆጥሩ 19 ላይ ተጣሉ፣ አንዱን ሁለቴ ቆጠርሽ አልቆጠርኩም ብለው። እማዬ ሽሮዋን በላች፣ አጠገባችን የነበረች ፈረንጅ ሴትዮ ሽታው ምን እንደሆነ ጠየቀችን፣ እማዬ ጠቅልላ አጎረሰቻት፣ በላች። ባለቤቴ ከተሳሳተ ፔሮን ላይ ውሃ ሊገዛ ሄዶ ሊያመልጠው ነበር፣ የራሱ ጥፋት ነው፣ ሌላ ምንም አልገጠመንም። ስንመለስ ደግሞ ፈጣኑ ላይ መስኮት ዳር ተቀመጠ፣ ሊምቡርግ ጋ ኤ 3 ታየ፣ ቀይ መብራት ብቻ፣ ማለቂያ የሌለው ሰልፍ፣ ቆሟል። እኛ አልፈነው ሄድን። ምንም አላለም፣ እኔም ምንም አላልኩም።

ካቴድራሉ በር ላይ እማዬ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። እማዬ እዚህ አይወለቅም፣ ብርድ ነው፣ ሰው ሁሉ በጫማ ነው እኮ ስላት "እነሱ የፈለጉትን ያድርጉ" አለችኝ። በስንት ልመና ካልሲ ደርባ በካልሲ ገባች። ሣጥኑ በመስታወት ውስጥ ነው፣ ከፊቱ የብረት አጥር አለ፣ ልትነካው አልቻለችም፣ ለዚያ ትንሽ አዘነች፣ ግን ከአጥሩ ሥር ቆማ 40 ደቂቃ ጸለየች፣ እንዳልኳችሁ ከዚያ ማንቀሳቀስ የለም። የማታው ባቡር መሆኑ በጀን።

ከዚያ ሱቁ ውስጥ የሣጥኑን ፊት የሚያሳይ ፖስት ካርድ ገዛንላት። ተቀምጣ መነጽሯን አድርጋ ስታየው ስታየው ቆየችና "አራት ናቸው እኮ!" አለች። እኔ ተሳስታለች ብዬ ቆጠርኩ፣ እውነትም ወደ እመቤታችን የሚሄዱት አራት ናቸው። ባለቤቴ ከስልኩ ላይ አነበበልን፣ አራተኛው ኦቶ 4ኛ የሚባል የጀርመን ንጉሥ ነው፣ በ1200 አካባቢ ለፊቱ የሚሆነውን ወርቅ የሰጠ እሱ ነው አሉ፣ ከሰብአ ሰገል ኋላ ተሰልፎ ተቀርጿል። እማዬ ካርዱን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች "ይሄ ደግሞ ማን ጠራው" አለች፣ እስከ ኦፈንባክ ድረስ ስለሱ ብቻ ስታወራ ነው የመጣችው።